የለንደን ኮክኒዎች ቤት የሚመታ የአራዳ ቋንቋ፤ አመጣጡና ትርጓሜው

የለንደን ምሥራቃዊ ሰፈር ሰው ጓደኛው የሞኝ ሥራ ሲሠራ ቢያየው «ሎፍህን ተጠቀምበት» ይለዋል። «ሎፍ» በእንግሊዝኛ ያልተቈረሰ ሙሉ ዳቦ ማለት ነው። ንግግሩን ቃል በቃል የሚተረጕም እንግዳ ሰው ዳቦ ከማስተዋል ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ለማወቅ ቢደክም አያገኘውም፤ ግንኙነት የለውምና። የነገሩ ፍች የሚገኘው በዳቦው ትርጕም ሳይሆን በድምፁ ነው። «ሎፍ ኦፍ ብሬድ» የሚለው ሐረግ የመጨረሻ ቃሉ «ብሬድ» «ሄድ» ከሚለው ጋር ቤት ይመታል፤ «ሄድ» ደግሞ ራስ ማለት ነው። ተናጋሪው ቤት የሚመታውን «ብሬድ»ን ጥሎ «ሎፍ»ን ብቻ ያስቀራል። ስለዚህ «ሎፍህን ተጠቀምበት» ማለት «ጭንቅላትህን አሠራው» ማለት ይሆናል።

ይህን የመሰለው አነጋገር ቤት የሚመታ የአራዳ ቋንቋ ይባላል። ስለ አመጣጡ በሕዝብ ዘንድ የተለመደው ታሪክ አንድ ነው፤ ሌቦች ነገራቸውን ፖሊስ እንዳይሰማባቸው የፈጠሩት የምስጢር ቋንቋ ነው ይባላል። ታሪኩ በጋዜጣም በአገር ጐብኚዎች መምሪያም እየተደጋገመ ስለ ተጻፈ እንደ ተረጋገጠ እውነት ሆኖ ይኖራል። ነገር ግን በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈው የተዉት ምስክርነት ሲመረመር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ የድኻ ሰፈር አነጋገር የሌባ አነጋገር ነው የሚለው ፍርድም ከማን እንደ መጣ ያስጠይቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኮክኒ የሚለው ስም ከዚህ አነጋገር እጅግ የቀደመ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝኛ ቃሉ የአውራ ዶሮ ዕንቍላል ማለት ነበር፤ ይኸውም ትንሽና ያላማረ ዕንቍላል ለማለት ነው። ቆይቶ ተሞላቆ ያደገ ልጅ መጠሪያ ሆነ፤ ቾሰርም በዚሁ መንፈስ ተጠቅሞበታል። ከዚያ በኋላ ባላገሩ የከተማውን ሰው የሚንቅበት ስም ሆነና በመጨረሻ በለንደን ሰው ላይ ተወሰነ። በ1600 ሳሙኤል ሮውላንድስ የተባለው ጸሐፊ ኮክኒን ከቦው ደወል ጋር አያይዞ ጠቀሰው፤ በ1617 ጆን ሚንሹ ባሳተመው መዝገበ ቃላት፥ ኮክኒ ማለት የቦው ደወል በሚሰማበት ክልል የተወለደ ሰው ነው ብሎ ፈታው። ቦው የተባለው በቺፕሳይድ የሚገኘው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1666 ለንደንን ባጠፋው ታላቅ እሳት ተቃጥሎ ክሪስቶፈር ሬን እንደ ገና ሠራው፤ በግንቦት 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች በቦምብ መቱት፤ ደወሎቹም እስከ 1961 ድረስ አልተሰሙም። የሚንሹን ትርጓሜ አጥብቆ የሚይዝ ሰው ቢኖር፥ በእነዚያ 20 ዓመታት አንድም ኮክኒ አልተወለደም ማለት ይገባው ነበር።

የአነጋገሩ ሕግ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሊነገር ለተፈለገው ቃል ቤት የሚመታ ሐረግ ይመረጣል፤ ሐረጉ ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል ያለው ሲሆን ቤት የሚመታው የኋለኛው ክፍል ነው። ቀጥሎ ይኸው ቤት የሚመታው ክፍል ይጣልና የፊተኛው ብቻ ይቀራል። ጓደኛ «ሜት» ይባላል፤ ከ«ቻይና ፕሌት» (የሸክላ ሳሕን) ጋር ቤት ስለሚመታ ጓደኛን «ቻይና» ይሉታል። መመልከት «ሉክ» ነው፤ ሥጋ ሻጭ ሥጋ የሚሰቅልበት ሜንጦ «ቡቸርስ ሁክ» ስለሚባል አንድን ነገር ማየት «ቡቸርስ» ሆነ። እግሮች በእንግሊዝኛ «ፊት» ይባላሉ፤ «ፕሌትስ ኦፍ ሚት» ማለት የሥጋ ሳሕኖች ስለ ሆነ እግሮች «ፕሌትስ» ተባሉ። ሁሉ ግን አይቈረጥም። ሚስት («ዋይፍ») የምትጠራበት «ትራብል ኤንድ ስትራይፍ» (መከራና ጠብ) ብዙ ጊዜ ሙሉውን ይነገራል። የትኛው እንደሚቈረጥ የትኛውም እንደሚቀር የሚወስን ዳኛ የለም፤ ልማድ ብቻ ይወስናል።

አማርኛ ለሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ትዝ የሚለው የቅኔው ሰምና ወርቅ ነው። በእርግጥ በሁለቱም ዘንድ የሚሰማው ሌላ፥ የሚታሰበው ሌላ ነው። ልዩነታቸው ግን ከመመሳሰላቸው ይበልጣል። በቅኔ ሰሙና ወርቁ በምስጢር የተያያዙ ናቸው፤ አስተዋይ የሆነ ሰሚ ሰሙን እያላመጠ ወርቁን ሊደርስበት ይችላል። በለንደኑ አነጋገር ግን ሁለቱን የሚያያይዘው ድምፅ ብቻ ነው፤ እርሱም ማያያዣው ራሱ ተቈርጦ ይጣላል። «ቡቸርስ» የሚለውን ቃል ብቻ የሰማ ሰው የቱን ያህል ብልህ ቢሆን መመልከት ማለት እንደ ሆነ በራሱ ሊደርስበት አይችልም፤ ወይ እዚያው ያደገ መሆን አለበት፥ ወይ የሚነግረው ሰው ማግኘት አለበት።

ስለ ቋንቋው ቀድሞ የተጻፈው ግልጥ ምስክርነት የሄንሪ ሜይሂው ነው። ሜይሂው ጋዜጠኛ ሲሆን የለንደንን ድኾች እስከ ገበያቸውና እስከ ማደሪያቸው እየሄደ በመጠየቅ የነገሩትን ሁሉ በ1851 ስለ ለንደን ሠራተኞችና ድኾች ባወጣው ትልቅ ሥራው ጻፈ። በእርሱ ግምት በከተማይቱ አትክልት፥ ፍራፍሬና ዓሣ እያዞሩ የሚሸጡት ሰዎች ከሴትና ከልጅ ጋር 30,000 ያህል ነበሩ። ከተናገሩት ሰዎች አንዱ፥ የለማኞችና የተንከራታቾች አዲስ አነጋገር ሁሉ ቤት በመምታት የተሠራ መሆኑን፥ ከሌቦች ቋንቋ ጋርም ምንም እንደማይመሳሰል ይገልጻል። ምሳሌም ይሰጣል፤ ምሳሌው ነገሩን የማያውቁ ሰዎች ባሉበት ቦታ ጓደኛውን ወደ ቤቱ ሊጋብዝ ቢፈልግ እንዴት እንደሚናገር ለማሳየት ነው። ግብዣው ረም ለመጠጣት፥ ፒፓ ለማጨስና ካርታ ለመጫወት ነው። ረም የተባለውን መጠጥ «ፊንገር ኤንድ ተም» (ጣትና አውራ ጣት) ይለዋል፤ ፒፓውን ደግሞ «ያርድ ኦፍ ትራይፕ» (የአንድ ያርድ ጨጓራ) ይለዋል፤ ፒፓ በእንግሊዝኛ «ፓይፕ» ነውና። እንግዲህ ምስጢርነት ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ሰውየው ራሱ በባዕድ ሰው ፊት እንደሚናገረው ገልጿል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የተሸፈነው ወንጀል ሳይሆን የአንድ ምሽት ጨዋታ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከሜይሂው በኋላ የመጡት ሁለት የቃላት ዝርዝሮች ናቸው። በ1857 ዱካንጅ አንግሊከስ በሚል የብዕር ስም የተሰወረ ሰው አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። (ስሙ ቀልድ ነው፤ ዱካንጅ የመካከለኛውን ዘመን ላቲን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረ የፈረንሳይ ሊቅ ነበርና፥ የመንገድ ላይ ቃል የሚሰበስብ ሰው ራሱን የእንግሊዝ ዱካንጅ አለ።) በዚህች መጽሐፍ ውስጥ ደረጃን ፖምና ፒር የሚለው «አፕልስ ኤንድ ፔርስ»፥ ዐይንን «ሚንስ ፓይስ»፥ ጠረጴዛን ቃየልና አቤል የሚለው «ኬን ኤንድ ኤብል» ተመዝግበው ይገኛሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1859 ጆን ካምደን ሆተን የተባለው መጽሐፍ ሻጭ የአራዳ ቃላት መዝገብ አወጣና ቤት ለሚመታው አነጋገር የተለየ ክፍል ሰጠው። ሆተን አነጋገሩ ከ12 ወይም ከ15 ዓመት በፊት እንደ ተጀመረ ጻፈ፤ ይኸውም በ1840ዎቹ መሆኑ ነው። የጀመሩትም በመንገድ ላይ ዘፈንና ወሬ የታተመበትን ወረቀት እየለፈለፉ የሚሸጡ ሰዎች መሆናቸውን፥ ሰፈራቸውም ሰቨን ዳያልስ መሆኑን ገለጸ። ሰቨን ዳያልስ ሰባት መንገዶች የሚገናኙበት አደባባይ ሲሆን የሚገኘው በከተማው ምሥራቅ አይደለም፤ ከቦው ቤተ ክርስቲያን በስተ ምዕራብ ነው። ዛሬ የምሥራቅ ለንደን ሀብት ተብሎ የሚቈጠረው አነጋገር እንግዲህ የታሪኩን የመጀመሪያ ገጽ በሌላ ሰፈር ይጀምራል።

የሌቦች ነው የሚለውን አሳብ ለመመርመር የሌቦችን ቋንቋ አሮጌ መዝገቦች መመልከት ያስፈልጋል፤ መዝገቦቹም ብዙ ናቸው። ቶማስ ሃርማን በ1560ዎቹ የወሮበሎችን ቃላት ሰብስቦ አሳትሟል። ፍራንሲስ ግሮስ በ1785 የታወቀውን መዝገቡን አወጣ። ጄምስ ሃርዲ ቮክስ ራሱ ሌባ ነበር፤ ወደ አውስትራሊያ በግዞት ተልኮ ሳለ በ1812 የሌቦችን ቋንቋ ጽፎ አዘጋጀ፤ ከእርሱ የሚበልጥ ምስክር ሊገኝ አይችልም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ለመስረቅ፥ ለቁልፍ፥ ለዳኛ፥ ለስቅላት፥ ለተሰረቀ ዕቃ ገዢ ስም ሞልቷል፤ ቤት በመምታት የሚሠራው ዘዴ ግን አይታይም። የእንግሊዝ ሌቦች ቤት መምታት ሳያስፈልጋቸው ከ250 ዓመት በላይ የራሳቸው የምስጢር ቃላት ነበሯቸው።

በሁለተኛው ረድፍ የሚጠየቀው ቃላቱ ምንን ይሸፍናሉ የሚለው ነው። ደረጃ፥ ጠረጴዛ፥ ጠጕር፥ ጥርስ፥ ጫማ፥ ሻይ፥ ሚስት፥ ፀሐይ። ሌባ ደረጃን ከፖሊስ የሚሰውርበት ምክንያት ምን ይሆን? ሐረጎቹም ረዣዥም ናቸው፤ ነገሩን በፍጥነትና በድብቅ ለመናገር የሚፈልግ ሰው አንዱን አጭር ቃል ወደ ሦስት ቃል አያስረዝምም። ለዚህ ጕዳይ የለንደን አዟሪዎች ከዚህ የሚሻል መሣሪያ ነበራቸው፤ ይኸውም ቃልን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጦ መናገር ነው። ሜይሂው ይህን በሰፊው መዝግቦታል። «ፔኒ» የተባለው ሳንቲም «የኔፕ» ሆነ፤ ልጅ የሚባለው «ቦይ» ተገልብጦ «ዮብ» ሆነ፤ ይህም ቃል ዛሬ በመላው እንግሊዝ ባለጌ ጐረምሳ ማለት ሆኖ ቀርቷል። ፖሊስ ራሱ በፊደሉ ተገልብጦ «ኤስሎፕ»፥ ቆይቶም «ስሎፕ» ተባለ። ፖሊስ መጣ ብሎ ለማስጠንቀቅ ይህ አንድ ቃል ይበቃል።

ስለዚህ የሆተን ምስክርነት ይበልጥ ያሳምናል። ሰቨን ዳያልስ የርካሽ ማተሚያ ቤቶች ሰፈር ነበረ፤ ጄምስ ካትናች የተባለው አታሚ በ1813 በዚያ ሥራ ጀምሮ በየሳምንቱ የግድያ ወሬ፥ የተሰቀሉ ሰዎች የመጨረሻ ቃልና የሰርክ ዘፈን በአንድ ገጽ ወረቀት እያተመ ለአዟሪዎች ያከፋፍል ነበር። እነዚህ ሻጮች ወረቀቱን የሚሸጡት በምላሳቸው ነው፤ ያዜማሉ፥ ይለፈልፋሉ፥ አላፊውን ሰው በቀልድ ይይዛሉ። ቤት መምታት ለእነርሱ የዕለት እንጀራቸው ነበረ። ቤት ሲመቱ የዋሉ ሰዎች ማታ በመጠጥ ቤት ሲገናኙ በዚያው ነገር ቢጫወቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ሙያ ያላቸው ተንቀሳቃሽ ሰዎች የራሳቸውን አነጋገር ማውጣታቸው በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ በኢትዮጵያም ቮልፍ ሌስላው የአዝማሪዎችንና የነጋዴዎችን ልዩ አነጋገር መርምሮ በ1964 በመጽሐፍ አውጥቶታል፤ አዝማሪው የራሱ ቃል ስላለው ግን ሌባ ነው ያለው የለም።

ሌላም አሳብ አለ። ጁሊያን ፍራንክሊን በ1960 ባወጣው የዚህ አነጋገር መዝገበ ቃላት ውስጥ፥ ቦይና የባቡር ሐዲድ ሲቈፍሩ የነበሩ የአየርላንድና የለንደን ሠራተኞች እርስ በርስ በቃል ሲፎካከሩ ያመጡት ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ግምቱ የሚያምር ነው፤ የሚደግፈው የዘመኑ ጽሑፍ ግን ከሜይሂውና ከሆተን ጋር የሚመዛዘን አይደለም።

ታዲያ የሌቦች ታሪክ ለምን ጸና? መልሱ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ በጻፉት ሰዎች በኩል የሚገኝ ይመስላል። ሮበርት ፒል የለንደንን ፖሊስ ያቋቋመው በ1829 ነው፤ አነጋገሩ በተወለደባቸው ዓመታት ደንብ ልብሱን የለበሰው ፖሊስ በየመንገዱ አዲስ ነገር ነበረ፤ አዟሪውንም ጋሪህን አንሣ፥ መንገድ አትዝጋ እያለ ያስጨንቀው ነበር። የመካከለኛው መደብ አንባቢ ደግሞ እነዚያን ሰፈሮች የሚያውቃቸው በጋዜጣ ነው፤ የማይገባውን አነጋገር ሲሰማ በእርሱ ላይ የሚዶለት መሰለው። የቃላት ሰብሳቢዎቹም ቤት የሚመቱትን ቃላት ከሌቦች ቃላት ጋር በአንድ ጥራዝ አሳተሟቸው፤ የሆተን መጽሐፍ በርእሱ ላይ የኦክስፎርድንና የኬምብሪጅን ዩኒቨርሲቲዎች፥ እንዲያውም የፓርላማውን አነጋገር እንደሚጨምር ቢናገርም በዚህ ምክንያት የፓርላማ አባሎችን ከሌቦች ጋር የቈጠራቸው የለም። ይህ አድልዎ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል።

ሌቦች ፈጽሞ አልተናገሩበትም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ጊዜ «ታይም» ነው፤ ወፍ የሚያዝበት ማጣበቂያ «በርድ ላይም» ስለሚባል ጊዜ በ1857ቱ ዝርዝር በዚሁ ስም ይገኛል፤ ቆይቶ «በርድ» የእስር ዘመን ማለት ሆነ። በ1944 ዴቪድ ሞረር ከሲድኒ ቤከር ጋር ባሳተመው ጥናት የአሜሪካ ወንጀለኞች በዚህ አነጋገር ሲጠቀሙ መገኘታቸውን አሳይቷል፤ እነርሱም «የአውስትራሊያ ቋንቋ» ይሉት ነበር፤ ሲመረመር አብዛኛው ቃል የለንደን ሆኖ ተገኘ። ፖሊሶቹም ቢሆኑ ተምረውታል፤ ወንበዴ አሳዳጁ ክፍል «ፍላይንግ ስኳድ» ስለሚባል በተረት ከሚታወቀው ነፍሰ ገዳይ ፀጕር አስተካካይ ከስዊኒ ቶድ ጋር ቤት መትተው «ስዊኒ» አሉት። ሁለቱም ወገን የሚያውቀው ምስጢር ምስጢርነቱ አይታይም።

ከአመጣጡ ይልቅ የበለጠ ሀብት ያለው በሐረጎቹ ውስጥ ነው። በአንድ ላይ ቢሰበሰቡ የድሮዋን ለንደን ካርታ ይሠራሉ። ጠጕር «ሄር» ስለሚባል «ባርኔት» ተባለ፤ ይህም ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1588 ከፈቀደችው የፈረስና የከብት ገበያ ከ«ባርኔት ፌር» የመጣ ነው። ጥርሶች «ቲዝ» ስለሚባሉ ከሰሜን ለንደኑ ሜዳ ከ«ሃምስቴድ ሂዝ» ጋር ቤት መትተው «ሃምስቴድስ» ሆኑ። ባርኔጣ በ19ኛው መቶ ዓመት በቀልድ «ታይል» ማለትም የጣራ ሸክላ ይባል ነበር፤ ስለዚህ ኔልሰን በ1798 ድል ካደረገበት የዐባይ ጦርነት ከ«ባትል ኦፍ ዘ ናይል» ጋር ቤት ተመታለት፤ የዐባይም ስም በዚህ ዐይነት በለንደን አዟሪ ራስ ላይ ተቀመጠ። አንዳንዱም ሐረግ ከድምፁ በላይ ነገር አለው። ልጆች «ኪድስ» ሲባሉ «ጎድ ፎርቢድስ» የሚለው፥ ማለት «እግዜር ያርቅ»፥ የደከመው አባት ቀልድ ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ሰምና ወርቅ ይቀርባል።

የሰዎችም ስም እንዲሁ ይገባል። ቶድ ስሎን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣ አሜሪካዊ የፈረስ ጋላቢ ነበር፤ ዝናው ገንኖ ሳለ በእንግሊዝ የመጋለብ ፈቃድ ተከለከለና በ1933 ሞተ። ስሙ ብቻ ከመሆን («አሎን») ጋር ቤት ስለሚመታ ብቻውን የቀረ ሰው «በቶዱ» ነው ይባላል። ይህን ዛሬ የሚናገረው ሰው አብዛኛው ጋላቢውን አያውቀውም።

ለቋንቋ ተመራማሪ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ያረጀው ቤት መምታት ነው። በ1857ቱ ዝርዝር ፈረስ «ቻሪንግ ክሮስ» ተብሏል፤ ይህም የታወቀ የለንደን አደባባይ ነው። ፈረስ «ሆርስ» ይባላል፤ ለንደኖች መካከለኛዋን «ር» ስለማያሰሙ «ሆስ» ይሉታል። በዛሬው የተለመደ እንግሊዝኛ «ክሮስ» በአጭሩ፥ «ሆስ» በረዥሙ ስለሚነገር ሁለቱ ቤት አይመቱም። በዚያ ዘመን ግን በለንደን «ክሮስ»ም ይረዝም ነበር፤ ለዚህ ከአዟሪዎቹ ቀልድ የሚበልጥ ቀጥተኛ ማስረጃ ማግኘት ቀላል አይደለም። እንደዚሁ መናገር «ቶክ» ሲሆን «ራቢት ኤንድ ፖርክ» (የጥንቸልና የዐሣማ ሥጋ) ተብሎ «ራቢት» ሆኗል፤ ቻስ እና ዴቭ የተባሉት ዘፋኞች በ1980 ይህንኑ ቃል የዘፈን ርእስ አድርገውታል። «ፖርክ» ከ«ቶክ» ጋር ቤት የሚመታው «ር»ን ለማያሰማ ሰው ብቻ ነው፤ ለኤዲንብራ ሰው ነገሩ አይያዝም። ድምፃቸው ያልተማረ ነው ተብሎ የተነቀፈው ሰዎች የአፋቸውን ልክ በዚህ ዐይነት አስቀምጠውልናል።

መቈረጡ አንዳንድ ጊዜ ተደራርቦ ይሄዳል። መቀመጫን የሚያመለክተው ጸያፍ ቃል ከ«ቦትል ኤንድ ግላስ» (ጠርሙስና ብርጭቆ) ጋር ቤት ስለሚመታ «ቦትል» ተባለ። «ቦትል» ደግሞ ከፈላስፋው ከአሪስቶትል ስም ጋር ቤት መታና «አሪስቶትል»፥ ተቈርጦም «አሪስ» ሆነ። «አሪስ»ም በተራው ከ«ፕላስተር ኦፍ ፓሪስ» (የጀሶ ዱቄት) ጋር ቤት መትቶ «ፕላስተር» ተባለ። ጀሶ ከመቀመጫ የሚደርሰው የግሪክን ፈላስፋ አልፎ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ለመሄድ የሚደክም ሰው ሊደበቅ ሳይሆን ሊጫወት የተነሣ ነው።

ከመቈረጡ ሌላ የተገኘ ነገር አለ፤ ብልግናው ተጥሎ ከሚቀረው ክፍል ጋር መረሳቱ ነው። በምላስ የሚደረገው የንቀት ድምፅ በመላው እንግሊዝ «ራዝቤሪ» ይባላል፤ ሙሉው የእንጆሪ መሳይ ፍሬ ኬክ ስም ሲሆን ቤት የሚመታው ከሆድ ከሚወጣ ነፋስ ስም ጋር ነው። እንዲሁም ሞኝ ለማለት በየጋዜጣው የሚጻፈው «በርክ» የሚለው ቃል ከአንድ የቀበሮ አዳኞች ማኅበር ስም የተቈረጠ ነው፤ የተጣለው ክፍል ቤት የሚመታው በእንግሊዝኛ ከሁሉ ጸያፍ ከሆነው ቃል ጋር ነው። ጨዋ ሰዎች ያለ ኀፍረት ይናገሩታል፤ አዟሪዎቹ ይህን ቢሰሙ ምን ያህል ይስቁ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቤት የሚመታ ሁሉ ከቤት መምታት አልመጣምና። መሸሽ ማለት የሆነው «ስካርፐር» በሰሜን ስኮትላንድ ካለው የባሕር ኀይል ወደብ ከ«ስካፓ ፍሎው» መጣ ይባላል፤ «ፍሎው» ከ«ጎ» (ሂድ) ጋር ቤት ይመታልና፥ በ1919 የጀርመን መርከቦች በገዛ ሠራተኞቻቸው በዚያ ስለ ሰጠሙም ስሙ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነበር። ነገር ግን ቃሉ ከዚያ በፊት በ1840ዎቹ ተጽፎ ይገኛል፤ ምንጩም ተዘዋዋሪ ተዋንያን ያመጡት የኢጣልያንኛው «ስካፓሬ» ነው። ወደቡ አሮጌውን ቃል አጠናከረው እንጂ አልወለደውም። በተቃራኒው አውስትራሊያውያን እንግሊዛዊን የሚጠሩበት «ፖሚ» ቤት ከመምታት የመጣ ይመስላል፤ መጤ «ኢሚግራንት» ስለሚባል ከ«ፖመግራኔት» (ሮማን) ጋር ቤት መቱለት፤ ዲ. ኤች. ሎረንስም በ1923 ባወጣው «ካንጋሩ» በተባለው ልብ ወለድ ይህንኑ ጠቅሷል። ቃሉ የንግሥቲቱ እስረኞች ከሚል የፊደሎች ምሕፃር መጣ የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

በ20ኛው መቶ ዓመት አነጋገሩ ከሰፈሩ ወጣ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከለንደን ወታደር ጋር ምሽግ ገባ፤ ጆን ብሮፊና ኤሪክ ፓርትሪጅ በ1930 ስለ ወታደሩ ዘፈንና አነጋገር ባሳተሙት መጽሐፍ መዝግበውታል። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በቦምብ የፈረሱት የምሥራቅ ለንደን ሰፈሮች ሰዎች ወደ ኤሴክስ አዳዲስ መንደሮች ተዛወሩ፤ ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት በ1957 ባወጡት ጥናት ቤቴናል ግሪን የተባለው ሰፈር ዘመዳማች ወደ አዲሱ መንደር ሲሄድ እንዴት እንደ ተበታተነ ገልጸዋል። እናቱና አጎቱ በአንድ መንገድ ላይ ለሚኖሩ ሰው «ቡቸርስ» ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጐረቤቱን ለማያውቅ ሰው ግን ያስፈልገዋል። በባዶው ሰፈር ከካሪቢያን ደሴቶችና ከቤንጋል የመጡ ሰዎች ገቡበት፤ የልጆቻቸው አነጋገርም በ2000ዎቹ ጄኒ ቼሻየርና ፖል ከርስዊል ከጓደኞቻቸው ጋር ያጠኑት ሌላ አዲስ የለንደን እንግሊዝኛ ሆነ።

አሮጌው ዘዴ ግን ለመጤዎቹ ምግብ ስም ለማውጣት ደርሷል። ሩቢ መሪ በቤልፋስት የተወለደች ዘፋኝ ስትሆን በ1955 በአንድ ሳምንት አምስት ዘፈኖቿ ከሃያዎቹ ተወዳጅ ዘፈኖች መካከል ነበሩ። ዘፈኗ ከተረሳ በኋላ የእስያ ሰዎች ምግብ ቤቶች በየመንገዱ ሲከፈቱ «መሪ» ከ«ከሪ» ጋር ቤት ስለሚመታ ቅመም የበዛበት ወጥ «ሩቢ» ተባለ።

በ2009 አንድ ድርጅት በምሥራቅ ለንደን ባቆማቸው ጥቂት የገንዘብ መክፈያ መሣሪያዎች ላይ፥ ከእንግሊዝኛ ሌላ «ኮክኒ» የሚል የቋንቋ ምርጫ አስገባ። መሣሪያው የምስጢር ቍጥሩን «ፒን» በማለት ፈንታ ደንበኛውን «ሃክልቤሪ ፊን»ን ጠየቀው፤ ገንዘቡንም («ካሽ») «ሶሴጅ ኤንድ ማሽ» ብሎ ጠራለት። ሐረጎቹ ሁሉ ሳይቈረጡ ሙሉአቸውን ተጽፈው ነበር።